አርባ አንደኛዋ ሳንጃ፦ የጋሽ ሞረድ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ሞረድ የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዞችን በመሞረድ ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ በ1932 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከመሰንጠቂያው ጀርባ በነበረች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ፣ ከወንድ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ያቺ ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነበራት። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በሁለት ይከፈል ነበር፦ ጠዋት ለእናት መርፌ፣ ከሰዓት በኋላ ለአባት ሞረድ። አባታቸው ሞረዱን ብረት ላይ አንዴ ሳብ አድርገው ድምፁን ሲሰሙ የብረቱን ጠባይ ያውቁ ነበር። ሞረዱ ከነከሰ ብረቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ የሞረዱን ያህል ጠንክሯል ማለት ነው። ልጃቸው ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት ይህን ቆጠሩ።

በዘጠኝ ዓመታቸው እናታቸው «መቀሴ ደነዘብኝ» ሲሉ ሰሙ። ሊያስደስቷቸው ፈልገው መቀሱን በሰጋቱራ እሳት ፍም እስኪመስል አጋሉትና ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ሲወጣ የአባታቸው ሞረድ እንኳ ተንሸራተተበት። ያን ቀን ኩራታቸው ለአንዲት ክፍል ቤት የሚበዛ ነበር። በማግስቱ መቀሱ ከጠረጴዛው ጫፍ ወርዶ ወለሉን ሲነካ ሦስት ቦታ ተሰበረ። እናታቸው ስብርባሪውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየሰበሰቡ «አንተ ልጅ፣ ምን በድሎህ ነው እንዲህ ልበ ደረቅ ያደረግከው?» አሏቸው። ቤተሰቡ ይህን እያነሣ ለዓመታት ስቋል። ጋሽ ሞረድ ግን አልሳቁበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ከሰው እጅ ሲያመልጥ ካዩ፣ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይህ ልማድ ከስድሳ ዓመት በላይ አብሯቸው ኖረ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ከተከታተሉ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1951 ዓ.ም. በብረታ ብረት ሥራ ተመረቁ። በምረቃቸው ዕለት አባታቸው የሰጧቸው ስጦታ የጣት ርዝመት ያላት፣ ጥርሷ ገና ያልተነካ ሞረድ ነበረች። በደረት ኪሳቸው ከተቷት። የቅጽል ስማቸው የመጣው ከእሷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጣላቸውን ስም ከመታወቂያቸው በቀር የሚጠራው አልተገኘም።

በዚያው ዓመት በአንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሳንጃ ክፍል ውስጥ በብረት ማጠንከር ሥራ ተቀጠሩ። ክፍሉ ረጅም ነበር፤ መስኮቶቹ የብረቱ የግለት ቀለም በደንብ እንዲታይ ሆን ተብሎ ጥቁር ተቀብተዋል። ሳንጃው ሲግል በዘይት ይነከራል። ከዘይቱ ሲወጣ እንደ እናታቸው መቀስ ነው፤ ይቆርጣል፣ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ለዘብ ያለ ሙቀት ባለው ሁለተኛ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መለዘብ ይኖርበታል። ከዚያ መለኪያው ማሽን የአልማዝ ጫፍ ባላት መርፌው ብረቱን ይጫናል፤ መርፌዋ ምን ያህል እንደሰመጠች ታይቶ የጥንካሬው ቁጥር ይነበባል። ለሳንጃ የተፈቀደው ከአርባ ስምንት እስከ ሃምሳ ሁለት ነበር። ስልሳን ካለፈ ጠርዙ ምላጭ፣ ወገቡ ብርጭቆ ይሆናል።

የክፍሉ ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» የሚላቸው የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ለአዲሱ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ትምህርት ሲሰጡ እንዲህ አሉ፦ «ስማ ልጄ፤ ወታደር በሳንጃው ሰው የሚወጋው በዕድሜው አንዴ ነው፣ እሱም ከሆነለት። ቆርቆሮ የሚከፍትበት፣ ሣጥን የሚፈለቅቅበት፣ ከጫማው ጭቃ የሚፍቅበት ግን ዕለት ዕለት ነው። ለዚያ ለአንዱ ቀን ብለህ እንዳትሠራው።» ጋሽ ሞረድ ይህን ቃል ለልጆቻቸው፣ በኋላም ለልጅ ልጆቻቸው፣ ኮማ ሳይቀንሱ ይደግሙት ነበር።

የአልማዟ መርፌ በምትለካው ስለት ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ትተዋለች። ጋሽ ሞረድ ይህችን ጠባሳ አይወዷትም ነበር። በተወለወለ ብረት መሐል ላይ ሲያዩዋት የራሳቸው ፊት የተነካ ይመስል ይሸማቀቃሉ። በ1955 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ልኬቱ በስለቱ መሐል መሆኑ ቀርቶ በግርጌው፣ እጀታው ከሚጀምርበት የብረት ማገጃ ሥር በሚደበቀው ቦታ ላይ ይሁን፤ ቁጥሩ ያው ነው፣ ጠባሳው ግን ለዓይን አይታይም። ሐሳቡ ተወደደ። የምስክር ወረቀት ተሰጣቸውና በመስታወት ተገጥሞ ግድግዳቸው ላይ ተሰቀለ።

በዚያን ጊዜ ማገጃውን በጠባሳው ላይ አስቀምጠው እጀታውን የሚገጥሙት የዛሬዋ ባለቤታቸው ነበሩ። አንድ ቀን ሳንጃ ሲያቀብሏቸው «አንተ ሞረድ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ያንተን ጠባሳ ስሸፍን ልኖር ነው?» አሏቸው። ጋሽ ሞረድ ደንግጠው «ከከበደሽ ኃላፊውን ላናግርልሽ እችላለሁ» ብለው መለሱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በ1956 ዓ.ም. ተጋቡ። ወንድ ልጃቸው በ1957፣ ታላቅ ሴት ልጃቸው በ1960፣ ታናሽ ሴት ልጃቸው በ1968 ዓ.ም. ተወለዱ።

በ1962 ዓ.ም. ጦርነት ነበረና ፋብሪካው በጥድፊያ ይሠራ ነበር። በመጋቢት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ መቶ ሃያ ሳንጃ የያዘ ዙር ወደ ማለዘቢያው ምድጃ ገባ። የምድጃው ሙቀት መለኪያ ቀስት ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ቀስቱ የቆመው ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለተጣበቀ ነው፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። ሳንጃዎቹ ሳይለዝቡ፣ እንደገቡ ወጡ። ግርጌያቸው ብቻ፣ እጀታ ለመግጠም እንዲያመች፣ እንደ ደንቡ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ለብቻው ለዘበ። ጋሽ ሞረድ የሚለኩት ደግሞ ያንኑ ግርጌ ነው። መርፌዋን ጫኑ፤ ሃምሳ። ሌላ አነሡ፤ አርባ ዘጠኝ። ዙሩ አለፈ። በእጀታው ውስጥ በሚገባው ጭራ ላይ የዙሩን ምልክት፣ ሦስት ነጥብ፣ በገዛ እጃቸው እየመቱ አሳለፉ።

በዘጠነኛው ቀን ባለቤታቸው እጀታ ሲገጥሙ አንዱ ሳንጃ ከእጃቸው አመለጠ። ጋሽ ሞረድ ከማዶ ሆነው ሲወድቅ አዩና እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መስማት የነበረባቸው አንድ ድምፅ ነው። የሰሙት ግን ሁለት ነበር።

ሞረዷን አውጥተው የስባሪውን መሐል ፈተኑት፤ ሞረዷ ተንሸራተተች። በመርፌዋ ለኩት፤ ስልሳ ሦስት። ቆሌያቸው ተገፈፈ። ከመቶ ሃያው ሰባ ዘጠኙ ገና ከፋብሪካው አልወጡም ነበር። አርባ አንዱ ግን ወደ ግንባር ሄደዋል፤ አርባ አንድ ሰዎች ወገባቸው ላይ ብርጭቆ ታጥቀው ነበር።

ሃምሳ አለቃ ነገሩን አልሸሸጉም። በዚያው ዕለት ሳንጃዎቹ እንዲመለሱ ጥብቅ ደብዳቤ ወጣ። «ጥፋቱ የምድጃው ነው፤ አንተን የሚጠይቅህ የለም» ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። ጋሽ ሞረድ «ምድጃ ማሽን ነው፣ ጌታዬ፤ መለኪያውን ከመሐል ወደ ግርጌ ያወረደው ግን ሰው ነው» አሉ። ቤታቸው ገብተው የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረዱት። ሚስማሩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ማንም ምንም አልሰቀለበትም።

በመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ አርባ አንድ መስመር አሰመሩ። አንድ ሳንጃ በተመለሰ ቁጥር አንዱን መስመር በሞረዷ ጫፍ ይቆርጡታል። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ስድስቱ ተቆረጡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዘጠኝ ተጨመሩ። ወታደሩ ወደየቤቱ ተበትኖ ነበርና የቀሩት አንድ አንድ እያሉ፣ ከሰው ጓዳ፣ ከአሮጌ ብረት ገዢ ክምር፣ አንዱም ከአንድ ትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ ተገኙ። አርባኛው የተመለሰው በ1971 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ አልነበረም። አንድ መስመር ቀረ። የባለቤታቸው ቀሚሶች ከዚህ፣ ያቺ አንዲት መስመር ከዚያ ሆነው በአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመታት አሳለፉ። ጋሽ ሞረድ በሩን በከፈቱ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፦ አርባ አንደኛዋ በማን እጅ፣ ምን ሲያደርግ ተሰበረች? ያ ሰው አለ?

ፋብሪካውን በ1966 ዓ.ም. ለቀው የጦር መሣሪያ ሙዚየም የጥንት ስለቶች ጠባቂና ጠጋኝ ሆነው ነበር። ብዙ ሰው በውሳኔያቸው ተገርሟል። እሳቸው ግን ከአገልግሎት የወጣ ሳንጃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደዚያ መሆኑን አስበውበታል። በሁለተኛው ፎቅ ጥግ፣ የማሽን ዘይት በሚሸት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠሩ። የፈረሰኛ ጎራዴ ለምን እንደጎበጠ፣ የእግረኛ ሰይፍ ጫፍ ለምን እንደሾለ፣ የሩቅ አገር አንጥረኞች የሰይፉን ጀርባ በጭቃ መርገው ጠርዙን ብቻ ራቁቱን ለምን ወደ ውሃ እንደሚያስገቡት ያስረዱ ነበር። ጭቃው የሸፈነው ጀርባ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለዘብ ይላል፤ ጠርዙ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ይሸከማል። «እነዚያ ሰዎች መለኪያ ማሽን አልነበራቸውም» ይሉ ነበር፤ «ፍርሃት ነበራቸው። ፍርሃታቸውን በደንብ ተጠቅመውበታል።»

ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች በስለቱ ጎን ላይ የሚወርደውን ቦይ እያሳዩ «ጋሼ፣ ይሄ የደም መውረጃ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቋቸዋል። ጋሽ ሞረድም «ክብደት መቀነሻ ነው ልጄ፤ ደም ቦይ አይቀደድለትም፣ መንገዱን ራሱ ያውቃል» ብለው ይመልሱ ነበር። ለመኳንንት ግድግዳ ተሠርተው ቀጥ እንዳሉ የኖሩትን ሰይፎች ብዙም አይወዷቸውም። የሚያከብሩት ተጣሞ የተቃናበት ምልክት ያለውን የተራ ወታደር ሰይፍ ነበር። በነጭ ጓንታቸው ያንን ቦታ እየዳሰሱ «ይሄ ታጥፏል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱ ገብቷል» ይላሉ።

ወንድ ልጃቸው በ1977 ዓ.ም. ለውትድርና ተጠራ። በሁለተኛው ደብዳቤው «የደረሰኝ ሳንጃ አሮጌ ነው፤ ግን አባባ ቢያዩት ምላጭ ነው» ብሎ ጻፈ። ምላጭ የምትለዋ ቃል ቤቱን አናወጠችው። ጋሽ ሞረድ በዚያው ሰዓት ቁጭ ብለው መልስ ጻፉ፦ ማገጃውን ፍታ፣ ጭራውን እይ፣ ሦስት ነጥብ ካለበት ምንም ነገር እንዳትፈለቅቅበት። ከዚያ ሰባት ሳምንት ጠበቁ። ምግብ ሲቀርብላቸው ያዩትና ይነሣሉ። ፖስተኛው በሌላ መንገድ ሲያልፍ ካዩ ቀኑ ይጨልምባቸዋል። ባለቤታቸው «የፈሩት ይደርሳል ሲባል አልሰማህም? ተው አትጥራው!» ይሏቸው ነበር፤ እንዲህ የሚሉት ባለቤታቸውም ቢሆኑ ግን በዚያ ሰሞን የልጃቸውን አልጋ በየቀኑ ያነጥፉ ነበር። መልሱ ሲመጣ ባለቤታቸው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «አባባ፣ ፈትቼ አየሁት፤ ነጥቡ አንድ ነው። ማገጃውን ስመልስ አለቃዬ ይዞኝ ሦስት ቀን ሽንት ቤት አሳጥቦኛል። እባክዎ አሁን ምሳዎን ይብሉ።» ጋሽ ሞረድ ቆመው በሉ። ልጃቸውም ሁለት ዓመት አገልግሎ በጤና ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ግን ባሰባቸው። ያቺ ሳንጃ በእሳቸው ልጅ እጅ አልገባችም ማለት በሌላ ሰው ልጅ እጅ ናት ማለት ነውና። ሰው ቤት ሲጋበዙ ወጥ ቤት ገብተው ቢላ ማየት ጀመሩ። ወታደር ሳንጃውን ቤቱ ወስዶ ሥጋ መክተፊያ እንደሚያደርገው ያውቁ ነበር። ታላቅ ሴት ልጃቸው በታጨችበት ዓመት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲተዋወቁ፣ የወንዱ እናት «አባትሽ ጓዳ ገብተው ቀሩ፤ ምን ፈልገው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ቢላ እያዩ ነው» አለች ሙሽሪት ፊቷ ቀልቶ።

«ቢላችን ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ ምንም እንዳይሆን ነው።»

ሴትዮዋ ገብተው ሲያዩ ጋሽ ሞረድ የቤቱን ቢላዎች በሙሉ በንጹሕ ፎጣ ላይ ደርድረው፣ ሁለቱን ደነዝ በሞረዳቸው እየሳሉ ነበር። ጋብቻው ጸና።

በ1986 ዓ.ም. በመንገዱ ማዕዘን ላይ፣ ከቤታቸው መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አንድ ጫማ ሰፊ የቆርቆሮ ሱቅ ከፈቱ። ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ከመገጣጠሚያው በላይ የለም። ጋሽ ሞረድ ጫማቸውን ሊያሠሩ ሄደው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ጣቱን አዩት። የጫማ ሰፊውን ዕድሜ በልባቸው አሰቡ። ስለ ግንባር ሲያወሩም ሰሟቸው። ጫማቸውን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለሃያ ሦስት ዓመታት በሳምንት አንዴ ሁለቴ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሶል ጥራት አውርተዋል። በሰፈሩ ውስጥ ልየው ብለው ያልጠየቁት ቢላ አልነበረም፤ የዚህን ሰው ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

ባለቤታቸው «የሰዉን ጓዳ ሁሉ ስትበረብር የሱን ለምን ዘለልከው?» ሲሏቸው «የሱ የጫማ ቢላ ነው፣ ሳንጃ አይደለም» ይላሉ።

«ፈርተህ ነው።»

«አዎ» ብለው ያውቃሉ አንዴ።

ጣት ከሄደ ጣት ብቻ ላይሆን ይችላል። አጠገቡ የቆመ ጓደኛ ሊኖር ይችላል። ጋሽ ሞረድ ያላወቁትን ነገር ለአርባ ዓመት ፈርተው ኖረዋል፤ ያወቁትን ነገር ግን እንዴት እንደሚፈሩት አያውቁም ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን አይተው፣ በ1992 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ሙዚየሙ ግን በየሳምንቱ አንድ ቀን ያማክራቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የልብ ድካም ሕመም ጀመራቸው። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። አልጋቸው ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያቺን መስመር ያያሉ፤ ሲዘጋ ደግሞ በሩን ያያሉ። ሐኪሙ «የሚያስጨንቃቸውን ነገር አርቁላቸው» ብሎ ነበር። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ መንገዱ ማዕዘን ሄዱ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ጣትህን ምን በላት?»

ጫማ ሰፊው ነገሯቸው። ባለቤታቸው ቆመው ሰሙና «ቢላህን ይዘህ ተከተለኝ፤ ከደጅ ደግሞ ጫማህን ጥረገው» አሏቸው።

ይህ የሆነው ሐሙስ ጥቅምት 16 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ሞረድ ጫማ ሰፊውን በመኝታ ቤታቸው በር ላይ ሲያዩ የመጡበትን ወዲያው አወቁ፤ እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ጫማ ሰፊው በቆዳ የተጠቀለለች፣ በድንጋይ ተስላ ተስላ እስከ ግማሽ ያጠረች ቢላ አውጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡ። ወንድ ልጃቸው የእጀታውን ቆዳ ፈታ። ጭራው ላይ ሦስት ነጥብ ነበረ።

ጋሽ ሞረድ ሞረዷን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ስለቱ ላይ ሳብ አደረጓት። ተንሸራተተች።

«የት ተሰበረች?» አሉ።

«ግንባር። የብስኩት ሣጥን ስፈለቅቅ።»

«ጠላት ነበረ?»

«ጠላትም ምሳ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ጋሼ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።»

«አጠገብህስ ሰው ነበር?»

«ብስኩቱን የሚጠብቁ አራት ሰዎች። ከእኔ ጣት በላይ ያዘኑት ብስኩቱ ደም ስለነካው ነው። አራቱም ወልደዋል፣ ከብደዋል፤ አንዱ እንዲያውም አያት ሆኖ ሰው ያስቸግራል።» ጫማ ሰፊው ይህን ብለው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን መልሰው ሰበሰቡ። «እውነቱን ልንገርዎ፤ ያኔ ይህችን የሠራ ሰው እጄ ቢገባ አንቀው ነበር። ስሙን ሳላውቅ ወር ሙሉ ረግሜዋለሁ።»

«ደርሶኛል» አሉ ጋሽ ሞረድ።

ጫማ ሰፊው ቆባቸውን አወለቁ። ሠሪው ጋሽ ሞረድ መሆናቸውን ከዚያ በፊት ማንም አልነገራቸውም ነበር። ጥቂት አስበው «ይሄውልዎ ጋሼ» አሉ፤ «ስባሪዋን ለንዴቴ ነበር ይዣት የመጣሁት። በኋላ ሥራውን ስለምድ ብሞክራት ቆዳ እንደ ቅቤ ቆረጠች። ሌላው በሳምንት ሁለቴ ይስላል፤ እኔ በወር አንዴ። አምስት ልጅ ያሳደግኩት በእሷ ነው። እርግማኑን ያኔውኑ ማንሣት ነበረብኝ፤ አድራሻዎን አላውቅም ነበር እንጂ።»

ጋሽ ሞረድ ቢላዋን አንሥተው በብርሃን አገላብጠው አዩዋት። «ለቆዳ ልኩ ነው» አሉ። ድምፃቸው የሥራ ሰዓታቸው ድምፅ ነበር። «ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም። ብቻ እንዳትጥላት፤ ሊሾ ላይ ከወደቀች ትሰበራለች።»

«አርባ ምናምን ዓመት አልጣልኳትም።»

«እሱማ» አሉ፤ «ጣት አስከፍላሃለች።» ሁለቱም ሳቁ። የጋሽ ሞረድ ሳቅ አጭርና ሳል የበዛበት ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ግን ከዚያ የሚረዝም ሳቅ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

መስመሯን ራሳቸው ሊቆርጧት ፈለጉ፤ መነሣት ግን አልቻሉም። ወንድ ልጃቸውና ጫማ ሰፊው በካቻቢቴ የቁም ሳጥኑን በር ከማጠፊያው ፈትተው፣ ለሁለት ተሸክመው፣ አልጋው ላይ አስደገፉት። ባለቤታቸው ቀሚሶቻቸው ለሰው ዓይን መጋለጣቸውን አይተው «ይሄን ሁሉ ዘመን እሱ ወደ በሩ ከሚመላለስ፣ በሩ ወደ እሱ እንደሚመጣ ባውቅ ያኔውኑ አስፈታው ነበር» አሉ። ጋሽ ሞረድ በሞረዷ ጫፍ አርባ አንደኛዋን መስመር ቆረጧት። ጥቂት ጠመመች። ሲጨርሱ ሞረዷ ከጣታቸው አምልጣ ወደ ሊሾው ወረደች። በክፍሉ የነበረ ሰው ሁሉ ሞረዷን ሳይሆን የእሳቸውን ፊት ተመለከተ። ዓይናቸው ክፍት ነበር። የተሰማውም ድምፅ አንድ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሞረድ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ቅዳሜ ጥቅምት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በሙዚየሙ ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ በእጃቸው ያልታበሰ የማይገኝባቸውን ሰይፎች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩአቸው ሁሉ፣ በተለይም ሱቃቸውን ዘግተው ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ለቆሙት ጫማ ሰፊ፣ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። የቁም ሳጥኑ በር ወደ ቦታው ተመልሷል።

የሰውን ልጅ ልክ የሚያውቅ እሱ ፈጣሪ፣ የሚጠነክረውን የሚያጠነክር፣ የሚለዝበውን የሚያለዝብ እሱ ራሱ፣ ሥጋት የማያውቀው ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን። እኛንም ብንታጠፍ እንጂ እንዳንሰበር ይጠብቀን። አሜን።